ደጋኑን ከአደኑ እንለየው

ከአንድ እንጨት አጭር የአደን ቀስት መሥራት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በዩቲዩብና በቲክቶክ ብዙ ተመልካች አላቸው። የእኛም ወጣቶች ያዩዋቸዋል። በእኛ ዘንድ ስለ ቀስት ሲነሳ ግን ወሬው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «የአባቶቻችን ነው፤ ወደ ጫካው እንመለስ» ይላል። ሌላው «የደም ዕቃ ነው፤ ጨርሶ ይቅር» ይላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል፦ አደኑ ይቅር፣ ደጋኑ ይኑር። ለምን እንደሆነ ጨንቻን ይዘን እንይ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። አጭር ቀስት የቅርብ አደን ዕቃ ነው። ረጅም ደጋን ቁጥቋጦ ውስጥ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ አጭሩ ግን ተንበርክኮም ይሳባል። ይህ ግን ዋጋ አለው። እንጨቱ ባጠረ ቁጥር ሲሳብ አብዝቶ ይጎብጣል፤ ስለዚህም ቶሎ ይሰበራል። በልምድ የሚታወቀው ልክ የደጋኑ ቁመት ከሚሳብበት ርዝመት ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን ነው። ግማሽ ሜትር የሚሳብ ደጋን ከአንድ ሜትር ማነስ የለበትም።

አሠራሩም የራሱ ሥርዓት አለው። ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው እንጨት ተመርጦ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው፣ ወደ ዒላማው የሚዞረው ጀርባ አይነካም፤ የእንጨቱ ጭረት ከተቆረጠ ደጋኑ ከዚያው ይሰነጠቃል። የሚጠረበው ወደ ተኳሹ የሚዞረው ሆዱ ነው። መያዣው ወፈር ብሎ ይቀራል፤ ሁለቱ ክንዶች ወደ ጫፍ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ትንሽ ይጠረባል፣ ትንሽ ይሳባል፣ ይታያል፤ አንዱ ክንድ ከሌላው ከጠነከረ እንደገና ይጠረባል። የቸኮለ ሰው ማገዶ ይዞ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ቀስት ጉልበቱ ውስን ስለሆነ አዳኙ 20 ሜትር አካባቢ ድረስ መጠጋት አለበት። በብዙ የአፍሪካ ክፍሎች የጉልበቱን ጉድለት ሲሞላ የኖረው መርዝ ነው። በአማርኛ መረንዝ የምንለው ዛፍ በምሥራቅ አፍሪካ ዋነኛው የፍላጻ መርዝ ምንጭ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ከዚሁ ወገን ዛፍ ያወጣው ኡዋባይን ስሙን ያገኘው ከሶማልኛው «ዋባዮ» ነው። ልብን የሚያቆመው መርዝ በኋላ በአውሮፓ ሐኪሞች እጅ የልብ መድኃኒት ሆነ። ዕውቀቱ ከአዳኙ ነበር፤ ስሙና ክብሩ ግን የሄደው ወደ ላቦራቶሪው ነው።

ታሪኩም ቅርብ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በመተማ በኩል ሽንፋ ወንዝ አካባቢ የተገኙ፣ 74,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶች የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ እንዳልቀረ ገልጿል። በጋሞ ደጋማ ምድርም በሞታ ዋሻ በ2012 እ.ኤ.አ. የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ጂኖሙ ታትሞ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ከእርሻ በፊት እያደነና እየለቀመ ከኖረ ሕዝብ የመጣ ሰው ነው። «ባይራ» የተባለው፣ በጋሞኛ በኩር እንደማለት ነው።

ይህን ሁሉ ይዞ «እንግዲያው እናድን» የሚል ሰው ግን ዛሬ ያለበትን ምድር አላየም። ከጨንቻ ቁልቁል ሲታይ አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የነጭ ሳር ፓርክ አለ። ስፋቱ 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከመጠለያው እንስሳት አንዱ የነበረው የስዋይን ቆርኬ እዚያ ጨርሶ እስከ መጥፋት ደርሷል። ደጋው ላይም ቢሆን የቀረው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው ባህሉ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ያስከበረው ነው። የዶርዜ ቤት የዝሆን ግንባር የሚመስለው አንድ ጊዜ በአካባቢው ዝሆን ስለነበረ ነው ይባላል። ዝሆኑ የለም፤ መልኩ በቀርከሃ ቀርቷል። ቆርኬውም በሥዕል ብቻ እንዲቀር እንፈልጋለን?

ሕጉም ግልጽ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በጠመንጃ አልነበረም፣ በቀስት ነው ማለት ነፃ አያወጣም። ከሕጉ በላይ ደግሞ የኅሊና ጉዳይ አለ፤ ባልሠለጠነ እጅ የተወረወረ ደካማ ፍላጻ እንስሳውን አይገድለውም፣ አቁስሎ ለቀናት ሥቃይ ይሰደዋል።

ታዲያ ደጋኑ ለምን ይኑር? ምክንያቱም ደጋን በአገራችን ከአደን ብቻ ጋር የኖረ ዕቃ አይደለም። ጥጥ ከተዳመጠ በኋላ የሚነደፈው በደጋን ነው። የተወጠረው አውታር እየተነጠረ ጥጡን ይበትነዋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። የጎበጠ እንጨት ጉልበት አጠራቅሞ በአውታር ይለቃል፤ የአዳኙም የነዳፊዋም ዕውቀት መነሻው ይኸው ነው። የጨንቻና የዶርዜ ሴቶች ፈትለው ወንዶች ሸምነው ቤተሰብ ያስተዳደሩት በዚህ ዓይነት የእንጨትና የአውታር ዕውቀት ላይ ቆመው ነው። ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ ማጉም እየተከተለ ነው። የእጅ ፈትል በቀረ ቁጥር መንደፊያውን ጠርቦ የሚያስተካክለው ሰውም አብሮ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እውነት እንናገር። ይህ ዕውቀት የሚጠፋው በፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ በንቀትም ነው። «ሸማኔ» የሚለውን የሙያ ስም ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ጋሞ ውስጥም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፣ ማናና ደገላ ተብለው ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። የውጭ ተመራማሪዎች በድንጋይ መፋቂያ የሚሠሩትን የጋሞ ቆዳ ፋቂዎች ለዓመታት አጥንተው የዶክትሬት ማዕረግ አግኝተውበታል። ጎረቤቱ ግን ልጁን አይድርላቸውም። የአባቶች ዕውቀት ይከበር እያልን የዕውቀቱን ባለቤት የምንንቅ ከሆነ ክብሩ የአፍ ብቻ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቡታን ተራራማና ቀርከሃ ያላት ትንሽ አገር ናት። ቀስት ውርወራን ብሔራዊ ስፖርቷ አድርጋዋለች፤ በባህላዊው ውድድር የቀርከሃ ደጋን ይዘው ከ140 ሜትር በላይ ወደቆመ ዒላማ ይወረውራሉ። ጨንቻ ቀርከሃ አላት፤ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ከቀርከሃ የሚያቆሙ እጆችም አሏት። በመስቀል ሰሞን፣ ጋሞ ከያለበት ወደ አገሩ በሚመለስበት ጊዜ፣ የገለባ ዒላማ ተተክሎ የደጋን ውድድር ቢደረግ ምን ይጎድላል? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንጨት መምረጥ፣ ማድረቅና ማጉበጥን ከአረጋውያን ጠራቢዎች ጋር ቢያስተምሩስ? አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የዕቃዎቹንና የዛፎቹን ስም በጋሞኛ መዝግቦ ቢይዝስ?

«በዚህ ዘመን ለወጣት ቀስት ማስታጠቅ አደገኛ ነው» የሚል ሰው ስጋቱ ባዶ አይደለም። ስለዚህ ውድድሩ በቀበሌና በሽማግሌ ቁጥጥር፣ ስለት በሌለው ፍላጻ ይሁን። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ ያቆመው ጦር አልነበረም። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ሣር የሚከበርበት አገር ደጋንን በሥርዓት መያዝ አያቅተውም። መጀመሪያ ግን ደጋኑን የሚሠራውንም፣ በእሱ ነድፋ የምትፈትለውንም እናክብር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በአካባቢያችሁ ደጋን የሚጠርብ ሰው አለ? ከየትኛው እንጨት ነው የሚሠራው? እስኪ ጻፉልን።