ለሽያጭ ሙያተኞች የሶፍትዌር ብቃት ማረጋገጫ ያለው ፋይዳ

የደንበኞችን መረጃ በሶፍትዌር የመያዝ አሠራር በመስፋፋቱ፣ የሽያጭ ሙያ ከመግባባት ችሎታ በተጨማሪ የቴክኖሎጂ ክህሎትን የሚጠይቅ ሆኗል።

እ.ኤ.አ በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሴልስፎርስ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2014 ትሬይልሄድ የተሰኘ ነፃ የኢንተርኔት ማሠልጠኛ የጀመረ ሲሆን፣ የብቃት ማረጋገጫው ግን በክፍያ በሚሰጥ ፈተና የሚገኝ ነው። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ስለሚሻሻል የማደሻ ትምህርት ያልወሰደ ባለሙያ ማረጋገጫው ያበቃል።

ሥልጠናው ሻጩ ደንበኛውን ከመጀመሪያው ግንኙነት እስከ ውል ድረስ እንዲከታተልና የሽያጭ ትንበያ እንዲያዘጋጅ ያስችለዋል። ይህም ከሻጭነት ወደ ሽያጭ አስተባባሪነት ወይም ወደ ሶፍትዌሩ አስተዳዳሪነት ለማደግ መንገድ ይከፍታል።

በኢትዮጵያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ዲጂታል ሥልጠናን ከነፃ የምስክር ወረቀት ጋር አቅርቧል።

ይሁን እንጂ ማረጋገጫው የሚመሰክረው የአንድን ሶፍትዌር ዕውቀት እንጂ የመሸጥ ብቃትን አይደለም። በመሆኑም የሥልጠና በጀት የሚመድቡ ተቋማት ሶፍትዌሩ በመሥሪያ ቤታቸው ሥራ ላይ መዋሉን አስቀድመው ሊያረጋግጡ፣ የደረጃ ዕድገትንም ከወረቀቱ ይልቅ በተግባር ከተመዘነ ውጤት ጋር ሊያያይዙ ይገባል።