ከአጣና ያለፈ ባሕር ዛፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ እርጥቡን አርማታ ተሸክሞ የሚያቆየው ብዙ ጊዜ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። አርማታው ሲጠና አጣናው ይነቀልና ወይ ለሌላ ፎቅ ይሄዳል፣ ወይ ተፈልጦ ምድጃ ይገባል። ያን ሁሉ ክብደት የቻለ እንጨት የሕንፃው አካል ለመሆን ግን አይታጭም። ይህ ይከነክነኛል።

አጣና ቀጭን ነው፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል ይሉኛል። እውነት ነው። ሌላው ዓለም ግን መላ አበጅቶለታል። እንጨቱ በመጋዝ ተሰንጥቆ ይደርቃል፣ ጉጡ ተቆርጦ ይወጣል፣ ደህናው ሳንቃ ተደራርቦ በሙጫ ይጣበቃል። ሳንቃዎቹ በአንድ አቅጣጫ ሲደረደሩ ረጅም ወራጅ፣ እርስ በርስ ተሻግረው ሲነጠፉ ግድግዳና ወለል ይሆናሉ።

ይህ ሥራ ያደገው ለስላሳና ለሙጫ ምቹ በሆኑት የጥድ ዘመዶች ነው። ጠንካሮቹ ዘግይተው መጡ። ፖልማየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የቢች ዛፍን በስሱ እየላጠና እያጣበቀ ወራጅ ይሠራል፤ እንጨቱ ብርቱ ስለሆነ ወራጁ ቢቀጥንም ይችላል፤ ዝናብ ላይ ካዋሉት ግን ቶሎ ይበሰብሳል። እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ያለው የማጊስ የካንሰር ሕሙማን ማዕከል ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ቱሊፕ እንጨት ተገንብቷል።

በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ከጠንካሮቹ ወገን ነው። ግን አመለኛ ነው። ግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ስላለ ገና መጋዝ ላይ እያለ መጣመም ይጀምራል፤ አቻኩለው ካደረቁት ይሰነጠቃል፤ ጥቅጥቅ ስለሆነም ሙጫ በቀላሉ አይሰርገውም። ከሁሉ የሚብሰው ዕድሜው ነው። ገበሬው ገና አጣና ሳለ ቆርጦ ይሸጠዋል፤ ለሳንቃ እንዲወፍር ዓመታት መጠበቅ አለበት። የልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ደጅ ቆሞ ማን ይጠብቃል? የሚጠብቀው ለወፍራሙ ግንድ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ሲመጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእንጨት ሰማይ ጠቀስ ይሠራ አልልም፤ ሙጫውም ቢሆን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ከትምህርት ቤት ጣሪያ ብንጀምር ይበቃኛል። አገር በቀሎቹ ዝግባና ኮሶ ግን ለዚህ ተብሎ እንዳይነኩ። እንጨት ከሚያጣብቀው ፋብሪካ በፊት ደግሞ ማድረቂያና የጥንካሬ መመዘኛ ይቅደም። ዛሬ አጣና የሚሸጠው በውፍረቱና በርዝመቱ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚነግር የለም። መሐንዲሱ በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ አልፈርምም ቢል አልፈርድበትም።