የጉበት ምርመራን አንፍራ



በቅርቡ በኢየሩሳሌም፣ ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚገባው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አባት ልንጠይቅ ሄደን ነበር። በአንገታቸውና በብብታቸው ንፍፊት አብጦባቸው ሲመረመሩ ሊምፎማ የተባለ የካንሰር ዓይነት መሆኑ ተነገራቸው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትም ለጉበት ቫይረስ የደም ምርመራ ታዘዘላቸው። እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት። «ደማችንን አንድ ጊዜ ጥለውታል፤ አሁን ደግሞ ምን ሊሉን ነው?» አሉን።

ይህን ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም፣ ኤድስን በመፍራት፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ ሲጣል መቆየቱ በጋዜጣ ወጣ። በሺህ የሚቆጠር ወገናችንም እዚሁ ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ተሰልፎ ቁጣውን ገለጸ። ያ ቁስል በብዙ ቤት ገና አልሻረም።

ሆኖም ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የተደረገው ከእኛ ተደብቆ ነበር። ይህ ምርመራ ግን ለታማሚው ለራሱ ደኅንነት የሚደረግ ነው። ከየትም አገር ቢመጣ፣ እዚህም ቢወለድ፣ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚጀምር ሰው ሁሉ ይታዘዝለታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው አለበት። ብዙዎች በልጅነታቸው ስለሚይዛቸው ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ቫይረሱ በአመድ እንደተዳፈነ ፍም በጉበት ውስጥ ይቀመጣል፤ አፍኖ የሚይዘውም የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው። ለሊምፎማ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ በተለይም ሪቱክሲማብ የሚባለው፣ ካንሰሩን ሲያጠቁ ይህንንም ኃይል ያዳክማሉ። ያን ጊዜ ፍሙ ይቀጣጠላል፤ ጉበት ይቆጣል፤ ሰው እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል።

አስቀድሞ ከታወቀ ግን መከላከያ አለው። እንደ ኤንቴካቪር ያለ ኪኒን በየቀኑ ይወሰዳል። ኪኒኑ የካንሰሩ ሕክምና ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል ይቀጥላል። «ድኛለሁ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

በሕክምና ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ቢጠቁር፣ ሰገራው ቢነጣ ወይም ገላውን ቢያሳክከው፣ «የወፍ በሽታ ነው» ብለን ቅጠልና ሥር አንስጠው። አንዳንዱ ቅጠል የታመመውን ጉበት የባሰ ይጎዳል። መንስኤው ቫይረሱ፣ ወይም መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ንፍፊት የሐሞት መውረጃውን ቱቦ ተጭኖትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሐኪሞች በአፍ በሚገባ መሣሪያ ትንሽ ቱቦ አስገብተው ሐሞቱ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ስለዚህ በዚያው ቀን ለሐኪሙ እንንገር። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሚዩን እንውሰደው።

ቤተሰብም አይደንግጥ። ከአንድ መሶብ በመብላት ወይም በአንድ ስኒ ቡና በመጠጣት ይህ ቫይረስ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። የቤቱ ሰዎች ይመርመሩ፤ ያልያዛቸውም ክትባት ይውሰዱ። በእስራኤል ለሚወለዱ ሕፃናት ክትባቱ ከ1992 ጀምሮ ይሰጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያው በ1996 የታማሚ መብት ሕግ ወጥቷል። በሕጉ መሠረት ሐኪሙ በሽታውንና ሕክምናውን ታማሚው በሚገባው መንገድ ማስረዳት አለበት፤ የታማሚውም ምስጢር የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ተርጓሚ እንጠይቅ። የአባቱን ካንሰር ለአባቱ የመተርጎም ሸክም በትንሽ ልጅ ላይ አንጣል።

እኚያ አባት ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱን ይዘው ጠሩን፤ አብረንም ወደ ኩፓት ሖሊም ሄድን። የምርመራው ውጤት የእሳቸው ምስጢር ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። ሕክምናቸውን ግን ጀምረዋል።