ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

«ሆም ኦን ዘ ሬንጅ» የተባለውን የአሜሪካ ከብት ነጂዎች ዘፈን አንዳንዶቻችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም። ማን ደረሰው ሲባል «የሕዝብ ነው» ይባላል። እውነት የሕዝብ ብቻ ነው?

ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ብሩስተር ሂግሊ የተባለ የካንሳስ ሐኪም ነው። ዜማውን ያወጣለት ደግሞ ዳንኤል ኬሊ ነበር። ግጥሙ በአካባቢው ጋዜጣ ወጣ፤ ከብት ነጂዎችም እየዘፈኑ ይዘውት ዞሩ። በአፍ ሲዞር ታዲያ ተለወጠ። ዛሬ ርእስ የሆነው «ሬንጅ»፣ ማለትም የግጦሽ ሜዳ የሚለው ቃል እንኳ በሐኪሙ ግጥም ውስጥ አልነበረም! በ1910 ጆን ሎማክስ የከብት ነጂዎችን ዘፈኖች ሰብስቦ ሲያሳትም የተለወጠውን አሰፈረ፤ የሂግሊን ስም ግን አላሰፈረም። ሂግሊም በ1911 ሞተ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። በ1934 ሌሎች ሰዎች «ዘፈኑ የኛ ነው» ብለው የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ክስ ሲመሠርቱ ነው ነገሩ ከሥሩ ተመርምሮ የካንሳሱ ሐኪም የታወቀው።

«ታዲያ ቢለወጥ ምን ክፋት አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔም መለወጡን አልቃወምም። እንዲያውም በ1910ሩ መጽሐፍ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከምድሩ ተገፍቶ መሄዱን የሚናገር፣ ሐኪሙ ያልጻፈው አንጓ አለ። የጨመረው ሰው እውነት ጨመረ። በኋላ ግን ብዙ የመዝሙር መጻሕፍት ይህንኑ አንጓ ዝም ብለው ዘለሉት። ተማሪው የጎደለ ነገር መኖሩን በምን ይወቅ? እንግዲህ ጥፋቱ መለወጡ ሳይሆን መደበቁ ነው።

በሰው ብቻ አልፈርድም። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከአያቴ የሰማሁትን የልጆች ዜማ ሁለት ስንኝ ቀይሬ፣ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ክፍል ውስጥ ለጠፍኩት። ከግርጌው «አዘጋጅ» ብዬ የጻፍኩት የራሴን ስም ነበር። መምህሬ አመሰገኑኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ስለዚህ የነገ መምህራን ሆይ፣ ለልጆች መዝሙር ስናዘጋጅ ከግርጌው ሦስት ነገር እንጻፍ፦ ከማን እንደ ሰማን፣ የት እንደ ሰማን፣ ምን እንደ ለወጥን። ሁለት መስመር ቢፈጅ ነው። ይህ የግድግዳ ጋዜጣችንም ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ እንዲሁ ቢያደርግ እላለሁ።

እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም፤ ዜማው የአያቴ ነው።