የጤና ባለሙያዋ አያቲቱንም ትጠይቅ

ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ ሆርሞን ለሴቶቻችን እንግዳ አይደለም። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የማታውቅ እናት ጥቂት ናት። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ይሰጣሉ። የሚያኮራ ሥራ ነው። ያቺው ሴት 50 ዓመት ገደማ ደርሳ ስታርጥ ግን የሚጠይቃት ታጣለች፤ የሴት ጤና ሲባል እርግዝናና ወሊድ ብቻ ሆኖ ቆይቷልና።

ችግሯ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሌሊት ሙቀት ከደረቷ ተነስቶ ፊቷን ያቃጥላታል፤ ላብ ያጠመቀውን ልብስ ቀይራ፣ በር ከፍታ ነፋስ ስትቀበል ይነጋል። ያንኑ ቀን ገበያ ትውላለች። ግንኙነት ያማታል፤ ለባሏም ለሐኪምም አትናገርም። አጥንቷም ይሳሳል። ሁሉም «የዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሕክምና አለው፤ ይኸውም የሆርሞን ሕክምና ነው። በ1994 ዓ.ም. ይህን ሕክምና የሚመረምር አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ሥጋት አሳይቶ ሲቋረጥ፣ ዓለም ከሆርሞን ሸሸ። የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ከ60 ዓመቷ በፊት ወይም ካረጠች 10 ዓመት ሳይሞላት ለምትጀምር፣ ምልክቱ ለጠናባትና ሌላ ሕመም ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ያመዝናል። ማሕፀኗ ያልወጣ ሴት ግን ፕሮጄስትሮን ሳይታከልበት ኤስትሮጅን ብቻውን ብትወስድ ለማሕፀን ካንሰር ትጋለጣለች። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለነበረባት በአብዛኛው አይሰጥም። ስለዚህ ጎረቤት ነግሯት ከመድኃኒት ቤት ገዝታ የምትውጠው አይደለም፤ የሚመረምራትና የሚከታተላት ሐኪም ያስፈልጋታል።

ለዚህ ሐኪም ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ መግባት የለባትም፤ በጸጥታ ችግር መንገዱ ሲዘጋባት የኖረችውን ሴት ሂጂ ማለት ተዪው ማለት ነው። የነቀምቴ ሆስፒታሎች የማህፀንና ጽንስ ክፍሎች በሳምንት አንድ ቀን ያረጡ ሴቶችን በኦሮምኛ፣ ገመናቸው በሚጠበቅበት ክፍል ያስተናግዱ። የኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የሕፃኑን ክትባት ልታይ ቤት ስትገባ፣ አያቲቱን ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ደም ትጠይቅ። ካረጡ በኋላ ደም መታየት የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይሰጠውም። ለመርፌው ወደየቤቱ የዘለቀ የጤና ሥርዓት፣ ለዚህ ጥያቄ መንገድ ሊያጣ አይገባም።