ቁጥር የሌለው ሥልጣን

ዛሬ በሸገር ከተማ በተጠቃለለችው ገፈርሳ፣ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ዝገት የበላው የፖሊስ ዐርማ አየሁ። ቀልቤን የሳበው ግርጌው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ቁጥር ከሌለ ተበዳይ ማንን ብሎ ይከሳል?

የፖሊስ ረዳት በሀገራችን አዲስ አይደለም፦ በንጉሡ ዘመን ነጭ ለባሽ፣ በደርግ አብዮት ጥበቃ፣ ዛሬ ሚሊሻና ደንብ አስከባሪ። በ1969 ዓ.ም. የታጠቀው የቀበሌ ጥበቃ በቀይ ሽብር ያለ ፍርድ የገደለውን ልጅ እናት አትረሳውም።

ረዳት ኃይል አያስፈልግም አልልም፤ ከሰፈሩ የወጣ ሰው ሌባውን ከፖሊስ ቀድሞ ያውቃል። ዳሩ ግን የጎረቤት ቂሙንም ይዞ ይወጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 12፣ የመንግሥት አሠራር ግልጽ፣ ኃላፊውም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። እንግዲያው ዱላ ያስያዝነውን ሁሉ ቁጥርም እናስይዘው።