የልብ ሕሙማን የትዳር አጋሮችም ይመርመሩ

በአርባ ምንጭ ከተማም ሆነ በጨንቻና በቦንኬ ደጋማ ቀበሌዎች፣ የልብ ሕመምተኛ ለክትትል ወደ ሐኪም ሲሄድ ብቻውን መሄዱ ብርቅ ነው። ቀጠሮውን የሚያስታውሰው፣ ካርድ ለማውጣት የሚሰለፈው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚደግፈው አብዛኛውን ጊዜ የትዳር አጋሩ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ግን በሕመምተኛው ክንድ ላይ ብቻ ይታሰራል። በእኔ አስተያየት ይኸው መለኪያ በአጋሩም ክንድ ላይ ሊታሰር ይገባል።

ባልና ሚስት በደም ባይዛመዱም ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ አንዱ ያጣውን እንቅልፍ ሌላውም ያጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ካሉ ጥንዶች መካከል ሁለቱም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው በእንግሊዝ 47፣ በአሜሪካ 38፣ በቻይና 21፣ በሕንድ 20 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ማስታመምም የራሱ ጫና አለው። በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተካሄደና በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት፣ የታመመ ባላቸውን በሳምንት 9 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚንከባከቡ ሴቶች ለልብ ደም ሥር ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው እንደተገኙ ይገልጻል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ከልጅነት የጉሮሮ ቁስለት የሚነሣ በመሆኑ የጋራ ድስቱ ክርክር አይመለከተውም፤ የማስታመሙ ጫና ግን ይመለከተዋል።

ጨውን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በጋሞ ቤቶች የቡና ቅጠሉ እንኳ በጨውና በቅመም ተፈልቶ ይጠጣል። «ጨው ቀንስ» የሚለው ምክር ለባል ብቻ ሲነገር ሚስት ሁለት ድስት ለመጣድ ትገደዳለች። ማገዶውም ጊዜውም ስለማይበቃ ውሎ አድሮ ወደ አንድ ድስት ይመለሳሉ፤ እርሱም ጨዋማው ነው። ምክሩ ለሁለቱም ቢነገር፣ ወጥ ሠሪዋ የራሷንም ልብ አስባ ጨው ትቆነጥር ነበር።

የክትትል ክፍሉ መጨናነቁና የመድኃኒት እጥረቱ በተቃውሞ መነሣታቸው አይቀርም። ተቃውሞው ከባድ ነው። ሆኖም አንድ ልኬት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ 140/90ና ከዚያ በላይ ካልሆነ በቀር በአንድ ልኬት ብቻ በሽተኛ የሚባል የለም። በተጨማሪም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መዝገብ የሚይዙት በቤተሰብ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነትም እንዲሁ። በግለሰብ ብቻ የሚቆጥረው የሆስፒታሉ ካርድ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚህ ካርድ ላይ የአጋር ልኬት የሚሰፍርበት አንድ መስመር ጨምረው፣ ለስድስት ወር ያህል አስታማሚዎችን ቢለኩ፣ የጋሞን ጥንዶች ከነዚያ አራት አገሮች ጋር ለማነጻጸር የሚያስችል መነሻ መረጃ ይኖረናል።